የታላቂቱ ካፖርት

ስም አላት፤ ቀረጻ ቦታ ላይ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። «ልብ በሉ» ነው የሚሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ፣ ቃሉ ስሟ ሆኖ ቀረ። «ልብ በሉ! ኩባያው የነበረው በግራ እጇ ነው።» «ልብ በሉ! መስኮቱ ትናንት ገርበብ ያለ ነበር፤ ዛሬ ማነው ወለል አድርጎ የከፈተው?» «ልብ በሉ! ይሄ ሰውዬ ቅድም ሲያለቅስ በግራ እጁ ነው እንባውን የጠረገው፤ አሁን ቀኙን ምን አስቸኮለው?» ወጣቶቹ ሠራተኞች ከሩቅ ሲያዩዋት ሲጋራቸውን ይደብቃሉ። አለቃቸው ሆና አይደለም፤ ሲጋራው የት ድረስ እንደነደደ ጭምር የምትጽፍ ስለሚመስላቸው ነው።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም ተቆራርጦ ነው የሚቀረጸው። አንድ ሰው ከውጭ በር ሲከፍት ሰኞ ይቀረጻል፤ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በሌላ ሰፈር፣ በሌላ በር። ተመልካች ግን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያየው። ሰኞ ዕለት ተቆልፎ የነበረ የአንገት ቁልፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከፍቶ ቢገኝ ያ ሁሉ ድካም መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ሁሉን የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እሷ ናት። ከካሜራው ጎን በታጣፊ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ጭኗ ላይ ደብተር፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ፣ አንገቷ ላይ መነጽርና ትንሽ ፎቶ ማንሻ። ዛሬ ዛሬ ይሄ ሁሉ በስልክ ያልቃል ቢሏት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። «ስልክ ፎቶ ያነሳል እንጂ አያይም» ትላለች።

ውሃ ቀጠነ ብላ የምትቆጣ ሴት ናት፤ እሱን አንደብቅም። ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ስህተት አምልጧት አያውቅም፤ የማይወዷት እንኳ ይመሰክሩላታል። እሷም ታውቀዋለች፣ ትኮራበታለችም። «እኔ አየሁ ካልኩ አየሁ ነው!» ትላለች፣ ደብተሯን ጠፍ ጠፍ እያደረገች። ይቺ ኩራት ናት ጉድ የሠራቻት።

ዘንድሮ የተያዘው ሥራ ያን ሁላችንም በልጅነት ያነበብነውን የሦስት እህትማማቾች የድሮ ልብ ወለድ ወደ ፊልም መቀየር ነበር። መጽሐፉን በቃሏ ታውቀዋለች ማለት ይቻላል። ልጆች እያሉ ከእህቷ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው፣ አንድ ገጽ እሷ አንድ ገጽ እህቷ እያነበቡ ነው የጨረሱት። «እትዬ፣ አንቺ ታላቂቱ ነሽ፣ እኔ ታናሺቱ ነኝ፤ መካከለኛዋን ማን ትሁን?» ትላት ነበር እህቷ። «እማዬ ትሁና!» እናታቸው ከማዶ አልጋ ሰምታ፣ «እኔን ደግሞ መቼ ነው ከእናትነት ያወረዳችሁኝ?» ብላ ትስቅ ነበር። ይህን ሁሉ ለዳይሬክተሩ አልነገረችውም፤ ምን ቆርጧት! ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ በቆረጠ ቁጥር ግን ከገዛ አካሏ የቆረጠ ያህል ስትነዛነዘው፣ ምስኪኑ ምን እንደነካት ግራ ይገባው ነበር።

መጽሐፉ ላይ አባትየው ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለሦስቱም ልጆቹ ካፖርት ያሰፋላቸዋል። የአልባሳት ኃላፊዋ፣ ከአፏ መርፌ የማይጠፋ ቀጭን ሴት፣ ሦስት አመድማ ካፖርት አሰፍታ መጣች። ሦስቱ ተዋናዮች ደግሞ የተመካከሩ ይመስል ቁመታቸውም ወርዳቸውም አንድ ነው።

«እኔስ በምን ልለያቸው ነው?» አለች የአልባሳት ኃላፊዋ።

«ከታላቂቱ ካፖርት ላይ ሦስተኛውን ቁልፍ ቁረጪና ሌላ ስፊበት። ጥቁር ሳይሆን ቡናማ፤ ተለቅ ያለ።»

«ከየት አመጣሽው እባክሽ? መጽሐፉ ላይ አለ?»

«የለም። ከቤት ነው» አለችና ደብተሯ ላይ አቀረቀረች።

ከቤት ነው፣ እውነቷን ነው። እሷና እህቷ ለአቅመ ሥራ ሲደርሱ እናታቸው ከአንድ ጨርቅ ሁለት አመድማ ካፖርት አሰፍታላቸው ነበር። የእሷ ሦስተኛ ቁልፍ በመጀመሪያው ክረምት ጠፋ። አምሳያው ሲታጣ እናቷ ከራሷ አሮጌ ሹራብ ላይ ትልቅ ቡናማ ቁልፍ ነቅላ ሰፋችበት። «እንዲህ ይሻላል፤ አሁን በጨለማም ቢሆን አንቺን ከእህትሽ በእጄ እለያለሁ» አለች። ሁለቱም ልጆቿ በዚያ ቁልፍ ስንት ቀን ሳቁ።

እዚህ ላይ ስለ እህቷ መናገር ግድ ነው፤ እሷማ ብትሆን አትናገርም። ከእህቷ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ አስራ ስድስት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ታማ ስምንት ወር አልጋ ላይ ስትቆይ ሥራዋን ጥላ ያስታመመቻት እሷ ናት። እህቷ ባልና ልጅ ስላላት በየሁለት ቀኑ እየመጣች ታግዛት ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቷ እዚያው እያለች የእናታቸው ትንፋሽ ከበዳት፤ መድኃኒቱ ደግሞ አልቋል። እሷ እንደ ቆመች ሮጣ ወጣች። ዝናብ ነው። አንዱ መድኃኒት ቤት ዝግ፣ ሌላው የለንም አለ፤ ከሦስተኛው አግኝታ እስክትመለስ አንድ ሰዓት አለፈ። ስትደርስ እህቷ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ባዶ እግሯን ናት፤ አመድማውን ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት። እህቷ አልመለሰችም። «ማን ጋ ትተሻት ነው?» አሁንም ዝም። ገፍታት ገባች። እናታቸው አርፋ ነበር።

ከቀብር በኋላ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ሁሉም እየሰማ ተናገረቻት። «እማዬ ብቻዋን ነው የሞተችው። አንቺ ካፖርትሽን ቆልፈሽ ልትወጪ በር ላይ ነበርሽ። በዓይኔ አይቻለሁ።» እህቷ አፏን ከፈተች። ቀና ብላ አየቻት፣ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋችና፣ «እሺ እትዬ» ብላ ወጣች። በቃ። ከዚያ ወዲያ እህቷ ስልክ ስትደውል ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት፤ የልጇ ምርቃት ጥሪ ሲመጣ ሳትከፍተው ቀረች። ለሚሸመግሉ ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፤ አየሁ ካልኩ አየሁ ነው።

ወደ ቀረጻው እንመለስ። ለምሳ እንደተለቀቁ አንዲት ወጣት ጥበቃውን ለምና ገባች። «ልብ በሉ» ገና ከሩቅ፣ ካረማመዷ አወቀቻት፤ የእህቷ ልጅ ናት፣ እንደ እናቷ ቀኝ ትከሻዋ ዘመም ይላል።

«አክስቴ፣ ያወቁኝ አይመስለኝም» አለች ወጣቷ።

«አውቄሻለሁ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። «እናቴ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም። አብዛኛውን ጊዜ ትቃዣለች። ነቃ ስትል ግን የምትጠይቀው እርስዎን ነው።»

«ምን ብላ?»

«"እትዬ መጣች ወይ?" ብላ። ሌላ ነገር የላትም።»

ዳቦው እጇ ላይ ቀረ። በልጅነቷ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያስተኛቻት ልጅ ዛሬ እንደ ባዕድ «እርስዎ» ማለቷ አሳዘናት። ግን ቂም ክፉ ነገር ነው፤ ሲነኩት ይነሳል። «እስከ ቅዳሜ በየቀኑ ቀረጻ አለብኝ» አለች።

«ቅዳሜ አትደርስም፣ አክስቴ። አፈር ስሆንልዎ።»

«እናትሽ የምትሞት ሰው ጥሎ መውጣት ታውቅበታለች። የኔ መሄድ ምን ይጨምርላታል?»

አፏ ነው ያመለጣት ልበል? አይደለም፤ አስራ ስድስት ዓመት የተዘጋጀ ቃል ነው። ወጣቷ ክው ብላ ቆመች። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ወረቀቷ ላይ የሆስፒታሉ ስም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል አስራ አንድ ይላል። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተቻት። ዳቦውን ግን መብላት አልቻለችም።

ከሰዓት በኋላ የሚቀረጸው ትዕይንት አጭር ነበር። ታናሺቱ ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ትቆማለች፤ በዝናብ ውስጥ የምትመጣውን ታላቅ እህቷን ትጠብቃለች። ንግግር የለውም። ውሃ የሚረጨው ቱቦ ከጣሪያው በላይ ታሰረ፣ መብራቱ ተስተካከለ፣ ሁሉም ቀና ደፋ ይላል። ዳይሬክተሩ ብርሃኑ ሳይጠፋ እንጨርስ ብሎ ሰዉን አጣደፈው። በዚያ ጥድፊያ ነው የአልባሳት ኃላፊዋ እጅ የተሳሳተው።

«ጀምር!» አለ ዳይሬክተሩ።

በሩ ተከፈተ። ታናሺቱን የምትጫወተው ልጅ ብቅ አለች። ባዶ እግሯን ናት። ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። ሦስተኛው ቁልፍ ቡናማ ነው።

እሷ ወዲያው አየችው፤ ዓይኗ ለዚህ የተሠራ ነው። «ልብ በሉ!» ልትል ነበር፤ አስቀድሜ ልጻፈው አለች። እርሳሷን አነሳች። «ታናሺቱ፣ ደጃፍ ላይ፣ ባዶ እግር፣ ካፖርት እስከ አንገት የተቆለፈ፣ የታላቂቱ...» ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ።

የታላቂቱ!

ያ የእህቷ መልክ፣ አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያወጣች ያየችው፣ ለሰው ሁሉ የተናገረችው፣ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ባዶ እግር። አመድማ ካፖርት። አንደኛው ቁልፍ ጥቁር፣ ሁለተኛው ጥቁር፣ ሦስተኛው... ቡናማ። ሁልጊዜም ቡናማ ነበር። አንድ ቀንም ጥቁር ሆኖ ታይቷት አያውቅም።

ሥራዋ አይደል? የራሷን ቀን እንደ ማንም ትዕይንት ከፊትና ከኋላ አገጣጠመችው። ስትወጣ ካፖርቷ የት ነበር? መስቀያው ላይ። ሳትለብሰው ነው የሮጠችው፤ ለዚህ ነው እስከ ውስጥ ልብሷ የበሰበሰችው። በማግስቱ ካፖርቷን ያገኘችው የት ነው? ከእናቷ አልጋ ግርጌ። ማን ወሰደው ብላ ጠይቃ አታውቅም። ደግሞስ በዚያ ዝናብ ጥሎ የሚሄድ ሰው ባዶ እግሩን፣ በሰው ካፖርት ይሄዳል? ወይ ጉድ! የሌላው ኩባያ በየትኛው እጅ እንደነበር ስትለቅም የኖረች ሴት፣ የገዛ ካፖርቷን አላወቀችም! እህቷ ልትወጣ አልነበረም። እና ለምን ለበሰችው? እሱን ብቻ አላገኘችውም።

«ቁረጥ! ወርቅ ነው፣ ወርቅ!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «ልብ በሉ፣ እንዴት ነን? ልክ ነን?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ደብተሯን ዘግታ ተነሳች። «እኔ መሄዴ ነው» አለች።

«የት? ገና እኮ...»

«እህቴ ጋ።»

እህት እንዳላት እዚያ ካለ ሰው አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ደብተሯን ለአልባሳት ኃላፊዋ አስታቅፋት፣ ከቱቦው በሚዘንበው ውሃ መሃል አቋርጣ ወጣች። አንድም ሰው ሊያስቆማት አልደፈረም።

አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም ከወንበሯ ብድግ ትል ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ወጣቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አየቻት። የቅድሙን ቃል መመለስ ትችል ነበር፤ ይገባትም ነበር። «አክስቴ፣ ግቢ» ብቻ አለቻት።

እህቷ ከትራሱ በላይ የቀረች ትንሽ ፊት ሆናለች። ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ ግን የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። ከአልጋው አጠገብ ቁጭ አለችና እጇን ያዘች። በመንገድ ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም።

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። ሽበቷን አየች፣ የተጨማደደ ግንባሯን አየች። ፊቷ በራ።

«እማዬ? መጣሽ?»

እኔ ነኝ፣ እትዬ ነኝ ልትል ከጀለች። ከዚያ ያንን የበራ ፊት አየችና ማጥፋቱን ልቧ እምቢ አላት። «መጣሁ» አለች።

«አትቆጪኝም?»

«ለምን ብዬ እቆጣሻለሁ ልጄ?»

«ዋሽቼሻለሁ እኮ።» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ያን ዕለት የመጣችው እትዬ አልነበረችም። እትዬን እንድጠራልሽ ደጋግመሽ ስትለምኚኝ ጨነቀኝ። ዓይንሽ አያይም ነበር። ካፖርቷን ከመስቀያው አውርጄ ለበስኩና እንደ እሷ ቆጣ ብዬ "መጣሁ" አልኩሽ። ቁልፎቹን ዳበስሽ። ትልቋ ቁልፍ ላይ ስትደርሺ ሳቅሽ። "መጣሽልኝ" አልሽ። ከዚያ ወዲያ ዝም አልሽ።»

እሷ የእህቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እየመጣች እንደሆን ልያት ብዬ ደጅ ወጣሁ። አገኘችኝ። በጣም ተናደደች። እማዬ፣ እንዳትነግሪያት። ስትጠሪያት እንደነበርሽ፣ እንዳልደረሰችልሽ ከሰማች ዕድሜ ልኳን ይበላታል። እሷን ታውቂያታለሽ። በኔ ብትናደድ ይሻላል። ንዴት ይወጣል።»

«አልነግራትም።»

«ወጣላት እንዴ?»

«ወጣላት ልጄ» አለች። «ወጣላት። ጥፋቱም የሷ ነው፤ አውቃዋለች። በር ላይ ናት።»

«አስገቢያታ።»

ተነሳች። እስከ በሩ ሄደች፣ ወጣች፣ በሩን ዘጋች። ወጣቷ ደንግጣ ስታያት «ቆይ» ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። እንደገና ከፍታ ገባች፤ አሁን እንደ ራሷ፣ ጫማዋን ከበድ አድርጋ እየረገጠች።

«መጣሁ» አለች። «እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እህቷ ከትራሱ ላይ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየቻት። ከራስ ጠጉሯ እስከ ሹራቧ ጫፍ፣ የቀረጻው ውሃ ያረሰረሳትን ሁሉ፣ ቀስ ብላ ተመለከተቻት።

«እትዬ» አለች፣ «ርሰሻል እኮ። ካፖርትሽን ትተሽው ነው የሄድሽው።»

«አዎ» አለች፣ እጇን ይዛ ቁጭ እያለች። «ትቼው ነው የሄድኩት።»

እህቷ ከሦስት ቀን በኋላ፣ አርብ ጠዋት፣ እጇ በእጇ እንዳለ አረፈች። ብቻዋን አልነበረችም። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ያንን ምስጢር እንደሰማች ለእህቷ ሳትነግራት ሸኘቻት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሥራ ስትመለስ የአልባሳት ኃላፊዋ ደብተሩን መለሰችላት፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ካፖርቶቹን እኔ ነኝ ያቀያየርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ዳይሬክተሩ "ልብ በሉ ይደገም ካለች እንደገና እንቀርጸዋለን" ብሏል።»

ደብተሯን ገለጠች። ያልተጨረሰችውን መስመር አገኘቻት፦ «ካፖርት እስከ አንገት የተቆለፈ፣ የታላቂቱ...» እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደችና ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ልክ ነው። አይነካ።»